ኦፐንሃይመርን በስልክ አይተህ ከሰለቸህ

ጥያቄህ «ሰው ሁሉ የሚያደንቀውን ኦፐንሃይመርን በስልኬ አይቼ ግማሹ ላይ ሰለቸኝ፤ ችግሩ የኔ ነው ወይስ የፊልሙ? ከሰሞኑ ፊልሞችስ በስልክ የሚታየው የቱ ነው?» የሚል ነው። ፊልሙን በሲኒማም በስልክም ስላየሁት ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ወዳጄ፣ ችግሩ ያንተም የፊልሙም አይመስለኝም። ብዙ ሰው ፊልም በትንሽ ስክሪን ሲያይ የሚቀርበት ምስሉ ይመስለዋል። እኔ ግን ድምፁ ነው ባይ ነኝ። ምስሉ ቢያንስም ይታያል። ወፍራሙን ድምፅ ግን የስልክ ስፒከር ጭራሽ አያወጣውም። ዝምታም አይኖርም፤ አጠገብህ ሰው ያወራል፣ መልእክት ይገባል።

ኦፐንሃይመር (እ.ኤ.አ. 2023) የአቶሚክ ቦምብን ሥራ ስለመራው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ የሚተርክ ፊልም ነው፤ ርዝመቱ 3 ሰዓት ነው። አብዛኛው ደግሞ ሰዎች ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሲነጋገሩ ነው። ታዲያ ምኑ ነው ሰውን ይዞ የሚያስቀምጠው? የብዙ ሰው እግር ወለል ሲደበድብ በየመሃሉ ይሰማል። ምን እንደሆነ አይነገርህም፤ ዝም ብሎ እየመጣ ያስጨንቅሃል። ከየት እንደመጣ የሚገባህ ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ከተጣለ በኋላ፣ ኦፐንሃይመር አዳራሽ ገብቶ ንግግር ሲያደርግ ነው። ለካ በደስታ እግሩን የሚመታ ሕዝብ ኖሯል! ከዚያ የሕዝቡ ጩኸት ድንገት ጥፍት ይልና አንድ የሰቆቃ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ሲኒማ ውስጥ ደረቴ ላይ የተሰማኝ ነገር፣ በስልክ ሳየው ተራ ኳኳታ ሆኖ አለፈ።

ቦምቡ መጀመሪያ የተሞከረበት ፍንዳታም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ብርሃኑ ይመጣል፤ ከትንፋሽ በቀር ምንም አይሰማም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው፤ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የቆመ ሰው መጀመሪያ ያያል፣ ቆይቶ ይሰማል። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ይህን ተጠቅሞ ዝምታውን ዘለግ አደረገው። ስልክ ላይ ያ ዝምታ «ድምፁ ተቋረጠ እንዴ?» ያሰኛል።

ታሪኩ ተምታቶብህም ከሆነ አንድ ነገር ያዝልኝ። ባለቀለሙ ክፍል በኦፐንሃይመር ዓይን የታየው ነው። ጥቁርና ነጩ የተቀናቃኙ የስትራውስ ነው። ይህን ካወቅክ ግማሹ ጣጣ ይቀላል። ኖላን ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ሙዚቃው አንዳንድ ቦታ ንግግሩን ይውጠዋል። ያለ ሰብታይትል አትየው።

ድምፅ ምን ያህል ፊልም እንደሚሸከም ማየት ከፈለግክ ደግሞ በዚያው ዓመት የወጣውን የጆናታን ግሌዘርን ዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስት እይ። ናዚዎች ሰው የሚጨፈጭፉበት የአውሽዊትዝ ካምፕ አዛዥ ቤተሰቡን ይዞ ከካምፑ አጥር ሥር ይኖራል። ሚስትየዋ አበባ ትንከባከባለች፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። ካሜራው የእስረኞቹን ስቃይ አያሳይህም። ከግንቡ ማዶ ግን ተኩስ፣ ጩኸትና የማያቋርጥ የእሳት ጉምጉምታ ይሰማል። በምርጥ ድምፅ ዘርፍ ኦስካር የወሰደው ይህ ፊልም ነው፤ ያውም ኦፐንሃይመርም ታጭቶ በነበረበት ውድድር። ሲገባው ነው እላለሁ። በስልክ ስፒከር ካየኸው ግን ስለ አንድ ቤተሰብና ስለ ጓሮው የሚያወራ ፊልም ነው የሚመስልህ።

ዱን ክፍል ሁለትም (2024) በድምፅ ኦስካር ወስዷል። አሸዋው ከሥር ሲንቀጠቀጥ ግዙፉ የበረሃ ትል መምጣቱን ከዓይንህ በፊት ጆሮህ ነው የሚነግርህ። እሱን ለትልቅ ስክሪን አቆየው። አቫታር ሁለተኛውን በስልክ ጭራሽ አትሞክረው። ታሪኩ ሳሳ ያለ ነው፤ ውሃውና ቀለሙ ካነሱ የሚቀር ብዙ ነገር የለም።

በስልክ ለማየት ከሁሉም በፊት የምመርጥልህ ፍሎውን ነው። የላትቪያ አኒሜሽን ነው፤ ብሌንደር በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የተሠራ። አንዲት ድመት ከጎርፍ ለማምለጥ ጀልባ ላይ ከሌሎች እንስሳት ጋር ትጓዛለች። አንድም ቃል አይነገርም፣ ርዝመቱም ከሰዓት ተኩል በታች ነው። ድመቷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ስታጥፍ ፍርሃቷ ይገባሃል፤ ለዚያ ትልቅ ስክሪን አያስፈልግም። በ2025 በአኒሜሽን ኦስካር ወስዷል።

ንግግር የምትወድ ከሆነ አናቶሚ ኦፍ ኤ ፎል አለልህ። ባል ከቤቱ ወድቆ ይሞታል፤ ሚስት ገፍታው ነው ወይስ ራሱን አጥፍቶ? ፍርድ ቤት ውስጥ የባልና ሚስቱ ጠብ በድምፅ ቅጂ ሲሰማ ትንፋሽህን ትይዛለህ። ሚስቲቱን ሆና የሠራችው ሳንድራ ሁለር በዘ ዞን ኦፍ ኢንተረስትም የአዛዡ ሚስት ናት። ሁለቱን አከታትለህ እያቸው፤ አንድ ሰው መሆኗን ትጠራጠራለህ። አኒሜሽኑ ኢንሳይድ አውት 2ም በስልክ ምንም አይጎድልበትም።

ኦፐንሃይመርን እንደገና ከሞከርከው ጨለም ያለ ክፍል ፈልግ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አድርግ፣ መልእክት የሚጠራውን አጥፋ። በአንድ ቁጭታ መጨረስም ግዴታ አይደለም። ከፍንዳታው ሙከራ በኋላ አቁመው። ቀሪው የፖለቲካ በቀልና የምርመራ ታሪክ ስለሆነ ማግስቱን ትኩስ ሆነህ እየው። ብዙ ሰው ፊልሙ ከቦምቡ በኋላ ይረዝማል ይላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ያንን የመጨረሻውን ክፍል ነው።