መልስ፦ በድሮው ፊልም ላይ አውሮፕላኑ አየር ላይ ቆሞ የሚታየው ለምንድን ነው?

ወንድሜ፣ «ፊልሙ ተቀነባብሯል ወይስ አውሮፕላኑ እውነት ቆሟል?» ላልከው፣ የተቀነባበረ አይመስለኝም። የድሮ ድምፅ አልባ ፊልም ዛሬ ሲታይ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም።

የጠቀስከው አውሮፕላን የጀርመኑ ፊዝለር ሽቶርኽ ነው። ስሙ ሽመላ ማለት ነው። ሲነሳ እግሮቹን ልብ ብለህ እይ፤ ረጃጅም ናቸው፣ መሬት ሲለቅ ወደ ታች ይንዘላዘላሉ። ቁርጥ ሽመላ!

ምስጢሩ ያለው ክንፉ ላይ ነው። በፊተኛው ጠርዝ በኩል፣ ጠባብ ክፍተት ተትቶለት፣ ረጅም ቀጭን ቁራጭ ተገጥሟል። አየሩ በክፍተቱ ሾልኮ የክንፉን ጀርባ ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረም አይወድቅም። ያንኑ ያህል ነፋስ ከፊቱ ከመጣ ደግሞ፣ ከመሬት ለሚያየው ሰው ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን በጣሊያኑ ግራን ሳሶ ተራራ ላይ የተነሳው ፊልም ነው፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1943 የተቀረጸው። ሙሶሊኒ ታስሮበት ከነበረው የተራራው ሆቴል ጀርመኖች አስለቅቀውት የወጣው በዚሁ አውሮፕላን ነው። ስኮርዜኒ የሚባለው ግዙፍ የጀርመን መኮንንም ካልገባሁ ብሎ ተጨመረ። ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ድንጋያማውን ቁልቁለት ሲንደረደር፣ መጨረሻውን እያወቅኩት እንኳ ትንፋሼን እይዛለሁ።