ከሕክምና ወደ ጂን ቁጥጥር ጥናት መሻገር ይቻላል?

ወንድሜ፣ «ሕክምና የተማረ ሰው ዘግይቶ ወደ ጂን ቁጥጥር ጥናት (ጂኖች መቼ ሥራ እንደሚጀምሩና መቼ እንደሚያቆሙ ወደሚመረምረው ዘርፍ) ቢገባ ይሳካለታል ወይ?» ላልከው፣ የፈረንሳዊውን ባዮሎጂስት የፍራንሷ ዣኮብን ሕይወት ተመልከት። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1920 ናንሲ፣ ፈረንሳይ ተወለደ። ቀዶ ሐኪም ለመሆን ሲማር ጦርነት መጣና በ1940 ትምህርቱን ጥሎ ለንደን ገባ፤ ከነጻ ፈረንሳይ ጦር (ለናዚ ጀርመን አንገዛም ካሉ ፈረንሳውያን ጦር) ጋር ተሰለፈ። በ1944 ኖርማንዲ ላይ ክፉኛ ቆሰለ፤ የቀዶ ሕክምና ሕልሙም በዚያው ቀረ።

ፓሪስ ያለው የምርምር ተቋም ፓስተር ኢንስቲትዩት የገባው በ1950፣ 30 ዓመት ሲሞላው ነው። እዚያ ከባልደረባው ከዣክ ሞኖ ጋር የያዙት ጥያቄ ዛሬም ያስደንቀኛል፦ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ የወተት ስኳርን የሚሰብረውን ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) በብዛት የሚሠራው ስኳሩ ሲኖር ብቻ ነው፤ ግን እንዴት ያውቃል? ስኳሩ ከሌለ አንድ አጋጅ ሞለኪውል ጂኖቹን በያዘው ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ ጂኖቹ እንዳይነበቡ ያደርጋል። ስኳሩ ሲገባ ከእሱ የሚገኝ ሞለኪውል አጋጁን ይይዘውና ከዲኤንኤው ያላቅቀዋል። ሐሳቡን በ1961 አሳተሙት፤ አጋጁ ፕሮቲን መሆኑ የታየው ግን ተመራማሪዎቹ ጊልበርትና ሙለር-ሂል በ1966 ለይተው ሲያወጡት ነው። ዣኮብ፣ ሞኖና የፓስተር ባልደረባቸው አንድሬ ልዎፍ በ1965 ኖቤል ተሸልመዋል።

ስለዚህ ዘገየሁ ብለህ አትተወው። መጀመሪያ ግን ይህን የባክቴሪያ ሥርዓት አጥብቀህ አጥና።