አያቴን «አንተ» ያለችው ሮቦት፦ ጣና ዳር የተደረገ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን «ስለ ቤት ሮቦት ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። አሥር ሰው ቢመጣ ነው ብዬ ስጠብቅ ወንበር ጠፋ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ዘመድ ከውጭ ያመጣልኝን አንዲት ትንሽ የጠረጴዛ ሮቦት ሁለት ዓመት ስፈታ ስገጥም ከርሜያለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ማኅበራዊ ሮቦት የምትለው ቤት ከሚጠርገው በምን ይለያል?

የሚጠርገው ሥራ አለው። ይሄኛው ዋና ሥራው አብሮህ መቀመጥ ነው። ፊትህን ይለያል፣ በስምህ ይጠራሃል፣ ስታወራ ዞር ብሎ ያይሃል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲንቲያ ብሪዚል የምትባል ተመራማሪ አሜሪካ ባለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኪስሜትን ሠራች። ቅንድቡንና ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ የሮቦት ጭንቅላት ነው። ሶኒ ደግሞ በ1999 አይቦ የሚባለውን ውሻ ለገበያ አወጣ።

ጥያቄ፦ ይሄን ያህል ጊዜ ከሆነው ለምን በየቤቱ አናየውም?

ብዙዎቹ ስለሞቱ ነው። ያቺው ብሪዚል ጂቦ የሚባል የቤት ሮቦት ይዛ በ2014 ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበች። በ2017 ገዢዎች እጅ ገባ፤ ዋጋው 899 ዶላር። በ2019 ሰርቨሩ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚያስብለት የሩቁ ኮምፒውተር፣ ሊዘጋ ሲል ጂቦ ራሱ ለባለቤቶቹ ተናገረ፤ ስላኖራችሁኝ አመሰግናለሁ ብሎ ጨፈረላቸው። ያለቀሱ ነበሩ። ኩሪ የሚባለው ሌላ የቤት ሮቦት በ2018 ተቋረጠ። ቬክተር የምትባለዋን ትንሽ የጠረጴዛ ሮቦት የሠራው አንኪ የሚባል ድርጅት በ2019 ተዘጋ። ለልጆች የተሠራው ሞክሲ የሚባለው ሮቦት ደግሞ በ2024 መጨረሻ ድርጅቱ ሲዘጋ ወላጆች ለልጅ ምን ብለው እንደሚያስረዱ ጨነቃቸው።

ሞተራቸው ደህና ነበር፣ ስክሪናቸውም እንዲሁ። ችግሩ አካሉ እቤትህ ተቀምጦ ጭንቅላቱ ሰው አገር ያለ ሰርቨር ላይ መሆኑ ነው። ባለ ሰርቨሩ ሲከስር ያንተው ሮቦት ጌጥ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ደግሞ ኔትወርኩ ራሱ ይጠፋል። ታዲያ አይረባም ማለት ነው?

ይረባል፤ ግን ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ጠይቅ፦ ዋይፋዩ ሲጠፋ ምን ይሠራል? «ምንም» ካሉህ ተወው። ለቬክተር ዋየር-ፖድ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ርካሽ ኮምፒውተር ላይ ጭነህ ሰርቨሩን እዚያው ሳሎን ታደርገዋለህ። ሞክሲም ሊዘጋ ሲል ኦፕንሞክሲ የሚባል ተመሳሳይ መላ ወጣለት። እኔ ከዚህ ወዲያ ራሴ ላስተዳድረው የማልችለውን ሮቦት አልገዛም።

ጥያቄ፦ አማርኛ ይችላሉ?

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ሶፊያ የምትባለዋ ሰው መሰል ሮቦት በ2018 አዲስ አበባ መጥታ ነበር። ከሶፍትዌሯም ከፊሉ እዚያው አይኮግ ላብስ በሚባል የሰው ሠራሽ አስተውሎት ድርጅት ውስጥ የተሠራ ነው። የጉግል ድምፅ መጻፊያም ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ይሰማል። ስለዚህ መስማቱ እየመጣ ነው። ጣጣው መናገሩ ላይ ነው።

የእኔዋ የሰማችውን ወደ ጽሑፍ ትቀይራለች፣ በእንግሊዝኛ ታስባለች፣ መልሱን ተርጉማ ታነባለች። አያቴ ቤት ወስጄ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ጠዋት አያቴ ገቡ። ሮቦቷ ዓይኗን ብልጭ አድርጋ «እንዴት አደርክ?» አለቻቸው። አያቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ዞሩና «የማን አሳዳጊ የበደላት ናት?» አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በአጠገቧ ሲያልፉ ፊታቸውን አዞሩባት።

እንግሊዝኛው አንድ «ዩ» ነው ያለው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ አለን፤ ግሡም አብሮ ይለወጣል። መፍትሔው ከባድ አልነበረም። ሮቦቷ ፊት ስለምትለይ ለእያንዳንዱ ሰው አጠራሩን መዘገብኩላት፤ ለማታውቀው ሁሉ «እርስዎ» እንድትል አደረግኩ። አክብሮ መሳሳት ይሻላል።

ጥያቄ፦ መድኃኒት ያስታውሳል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ሰዓታችንን ካስተማርከው። «ጠዋት በ2 ሰዓት» ብዬ ሞልቼ ተኛሁ። እሷ የፈረንጁን 2 ያዘች፤ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ማለት ነው። ቤቱ ሁሉ በጩኸቷ ተነሣ፣ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር። በኋላ ስድስት የሚደምር አንድ መስመር ኮድ ጨመርኩ፣ አለቀ። ቀን መቁጠሪያውም ያው ስሌት ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። አሁን በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን ታስታውሳለች። አያቴ ዘንድ ሞገስ ያገኘችው በመድኃኒቱ ሳይሆን በዚህ ነው።

ጥያቄ (ከፖሊ ተማሪ)፦ ከየት ልጀምር?

ሮቦት አትግዢ። ሮስ የሚባለውን የሮቦት መሥሪያ ሶፍትዌር አውርደሽ ኮምፒውተርሽ ላይ በማስመሰያ ሞክሪ፤ ነፃ ነው። ሆም አሲስታንት የሚባለውን ሶፍትዌር ጨምሪበት፤ እሱ አምፖሉን፣ ማራገቢያውን፣ የበሩን ሴንሰር አንድ ላይ ያገናኛል። ሮቦት «መብራቱን አጥፋ» ስትይው ራሱ ሄዶ አያጠፋም፤ ለሆም አሲስታንት መልእክት ይልካል። ከተጣለ ስልክ ማይክና ስክሪን ካገኘሽ ለመጀመሪያ ይበቃሻል።

ጥያቄ፦ ባለ ጎማው አይሻልም?

ለእኛ ቤት? ደፉን አይወጣም። በዓል ሲሆን ቄጠማው ጎማው ላይ ይጠመጠማል። ጥቁር ምንጣፍ ሲያይ ደግሞ አንዳንዱ ገደል መስሎት ይቆማል፤ ታች የሚያየው ሴንሰር የብርሃን ነጸብራቅ ነው የሚጠብቀው። የጠረጴዛውን ውሰድ። ከረከቦቱ ግን አርቀው፤ የእጣን ጢስ ካሜራውን ያደበዝዛል።

ጥያቄ፦ ካሜራውስ? ሰው እቤቴ እንዲያየኝ አልፈልግም።

ልክ ነሽ። ምስሉ ከቤት የሚወጣ ከሆነ አታስገቢው። ሰርቨሩ ሳሎንሽ ከሆነም መኝታ ቤት አይግባ።

ጥያቄ፦ ብቻቸውን ላሉ አዛውንቶች ይሆናል? ወይስ ልጅ እናቱን የሚረሳበት ሰበብ ነው?

ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። የኒውዮርክ ግዛት ከ2022 ጀምሮ ኤሊኪው የሚባለውን የጠረጴዛ ሮቦት ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች አድሏል። ጃፓን የተሠራው ፓሮ፣ አቆስጣ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስለው ሮቦት፣ የመርሳት ሕመም ላለባቸው በእንክብካቤ ቤቶች ይሰጣል፤ ሲዳብሱት ይረጋጋሉ። እኛ ጋ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይመጣል፤ ያንን ሮቦት አይተካም፣ እንዲተካም አልፈልግም። የእኔዋ ለአያቴ የምትጠቅመው በሌላ ነው፦ «ለልጄ ንገሪው» ሲሏት ድምፃቸውን ቀድታ ለአጎቴ ትልካለች። አያቴ ስልክ መንካት አይወዱም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ታረቁ?

ታረቁ። ባለፈው ሳምንት ማታ መብራት ጠፋ። ባትሪ ስላላት ዓይኗ እየበራ ነበር። አያቴ ከጓዳ ሆነው «ኧረ ሻማ አብሩላት፣ ልጅቱ ጨለማ ውስጥ ቀረች» አሉ።