«ብቻዬን ነኝ» ብዬ ዋሸሁ

ጥያቄ፦ «16 ዓመቴ ነው፤ 10ኛ ክፍል ነኝ። የ13 ዓመት ወንድሜ ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በር ተከፍቶ ካገኘ ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ጠባቂው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር የባዮሎጂ ደብተሬን ቀዳደደው። ሳለቅስ እናቴ ‹እሱ አያውቅም፣ አንቺ ግን ትልቅ ነሽ› አለችኝ። አባቴ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ‹እኛ ብናልፍም እሷ አለችለት› ይላል። ጎረቤቶች እርግማን ነው ይላሉ። በቀደም አዲስ ጓደኛዬ ‹ስንት ናችሁ?› ስትለኝ ‹ብቻዬን ነኝ› አልኳት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ክፉ ሰው ነኝ? እኔስ ስወልድ እንደሱ ዓይነት ልጅ ይኖረኝ ይሆን? — እህቱ»

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለጓደኛሽ «ብቻዬን ነኝ» ብለሻል። ለእኔ ስትጽፊ ግን ስምሽን ትተሽ «እህቱ» ብለሽ ፈረምሽ። ክፉ ሰው እንደዚያ አይፈርምም።

ወንድም አለኝ ካልሽ ጥያቄው አያልቅም። ስንተኛ ክፍል ነው? የት ይማራል? ለምን አያወራም? ይህን ሁሉ ገና ላላወቅሻት ልጅ ማስረዳት ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። በእኔ ዓይን ያን ቀን ደክሞሽ ነበር፤ ሌላ ነገር አላየሁበትም።

ይልቅ በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ «ተናደድኩ» አላልሽም። ደብተርሽ ሲቀደድ አለቀስሽ፤ ግን አልተናደድሽም። እውነት? እንዳንቺ ያሉ እህትና ወንድሞች ሀዘናቸውን ቶሎ ይናገራሉ፤ ንዴታቸውን ግን ይውጡታል። ምን ብለው ይናደዳሉ፣ ሆን ብሎ አላደረገው! እናትሽ ያለችው ልክ ነው፣ እሱ አያውቅም። እሱ ባያውቅም ግን ደብተሩ ተቀዷል። የአንድ ሴሚስተር ማስታወሻ ነው የሄደው። ይህን የሚልልሽ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልግሽ ነበር። በወንድምሽ መናደድና ወንድምሽን መውደድ አንድ ቀን ላይ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ላይ አብረው ይኖራሉ። ኦቲዝም በሌለበት ቤትም እህትና ወንድም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ አባትሽ ንግግር ልምጣ። ከሁሉ የከበደሽ ይኼ ይመስለኛል። «እሷ አለችለት» ሲል እንግዳ ፊት እየኮራብሽ ነው። ፍርሃቱንም እያስታገሰ ነው፤ የእንዲህ ያለ ልጅ ወላጅ ሌሊት የሚያባንነው «እኔ ስሞትስ?» የሚለው ነው። አንቺ ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን ፍርድ ይሆናል። አንድም ቀን ሳትጠየቂ የ40 ዓመት ሥራ ተሰጠሽ። በእኛ አገር ደግሞ የመጀመሪያ ሴት ልጅ ስትሆኚ ማንም ይህን እንደ ጥያቄ አያየውም።

ስለዚህ እንግዳ በሌለበት፣ ወንድምሽ በተኛበት ሰዓት አናግሪው። «አባዬ፣ ‹እሷ አለችለት› የምትለው እንደምትኮራብኝ ነው፣ ይገባኛል። ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። የዛሬ ሦስት ዓመት ጎንደር ወይ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቢደርሰኝስ? ያኔ ማን ይይዘዋል?» ይህን ጥያቄ አትፍሪው። ምደባው እንደሆነ የቤትሽን ሁኔታ አያውቅም። አክስት አለች? አጎት? በሳምንት አንድ ከሰዓት ሊይዘው የሚችል ዘመድ? የሚበላውን፣ የሚያስደነግጠውን ድምፅ፣ ሲረበሽ የሚያረጋጋውን ነገር አንድ ደብተር ላይ ጻፉት። አሁን ይህ ሁሉ በእናትሽና በአንቺ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው ያለው። አድገሽ ልትረጂው ትመርጫለሽ ወይ የሚለው ያኔ ራስሽ የምትወስኚው ነው።

ለወላጆችሽ ደግሞ በቀጥታ ልናገር፣ አሳዪአቸው። እማማ፣ ልጅዎ ትልቅ አይደለችም፤ 16 ዓመቷ ነው። ቁልፍ ያለው ሣጥን ወይም ኮመዲኖ ይስጧት። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ፎቅ ቤት ቢቃጠልም የማትጠራበት ሰዓት ይኑራት (ቢቃጠል ይጥሯት)። በሳምንት አንድ ቀን ዳቦ ለመግዛትም ቢሆን ሁለታችሁ ብቻ ውጡ፤ ስለ እሱም አታውሩ። የበሩ ጉዳይ የእሷ ኃላፊነት መሆን የለበትም። ከፍ ብሎ መቀርቀሪያ ይገጠም፣ የግቢው ጥበቃ ልጁን ይወቀው፣ ኪሱ ውስጥ ስልክ ቁጥራችሁ ያለበት ካርድ ይቀመጥ።

ጎረቤቶቹን በተመለከተ አላረዝምም። ኦቲዝም አንጎል ገና ማሕፀን ውስጥ ሲገነባ የሚጀምር ልዩነት ነው፤ ትልቁ ድርሻም የዘር ነው። ፈረንጆቹም በአንድ ወቅት «እንደ ፍሪጅ የቀዘቀዘች እናት ያመጣችው ነው» እያሉ ስንቷን እናት አስለቅሰዋል። ያ ሐሳብ ወድቋል። የእርግማኑም ወሬ ከዚያ የተሻለ መሠረት የለውም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ሲሏቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ስለ ልጃቸው በአደባባይ ተናገሩ። ስንት እናት ልጇን ከጓዳ ያወጣችው እሳቸውን ሰምታ ነው። ጆይም፣ ሌላው የኦቲዝም ማዕከል ነህምያም ወረፋቸው ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ቀን ከእናትሽ ጋር ሂጂና እንዳንቺ ያለች እህት ፈልጊ። ለእናቶች እንደነሱ ያለች ሌላ እናት አለቻቸው፤ እህቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ነው የሚያለቅሱት።

ስለ መውለድ ጠይቀሻል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የስዊድን መረጃን የተጠቀመ ጥናት አለ። አጎታቸው ወይም አክስታቸው ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ውስጥ ከ100 ከ3 እስከ 5 የሚሆኑት ኦቲዝም ይኖራቸዋል ይላል። በሌላው ሕዝብ ዘንድ 1.5 ገደማ ነው። ከፍ ይላል፣ አልዋሽሽም። ከ100 ግን 95ቱ እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት የላቸውም። በ16 ዓመትሽ በዚህ መጨነቅ ግን አሁን ካለብሽ ሸክም ላይ መደረብ ነው።

እንቅልፍ ማጣቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ወይም «ብጠፋ ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ የዚያኑ ቀን ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። አታቆዪው።

ጓደኛሽንስ? ረጅም ይቅርታ አያስፈልግም። «ያን ቀን ብቻዬን ነኝ ብዬሽ ነበር። ወንድም አለኝ፣ ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም» በያት። ከዚያ ደስ የሚለውን አንድ ነገር ጨምሪላት። ቤት የምትመጣ ከሆነ ለመጀመሪያ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቡና ተፈልቶ ሰው የሚሞላበት ቀን ብቻ አይሁን።