መልስ፦ ቤጂንግ ውስጥ ጥንታዊ ዕቃና ሐር እንዴት ልግዛ?

እህቴ፣ ለጠየቅሽው ቅዳሜ ወይም እሁድን ፓንጂያዩዋን ለሚባለው የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ አድርጊው፤ ሜትሮ መስመር 10 ላይ በዚሁ ስም ጣቢያ አለው። መሬት ላይ የሚዘረጉት ሻጮች የሚበዙት በእነዚህ ቀናት ነውና ማልደሽ ሂጂ።

«የሚንግ ዘመን (የድሮ የቻይና ነገሥታት ዘመን) ነው» የሚሉሽን የፖርሴሊን (የስስ ሸክላ) ዕቃ ግን አትመኚ፤ አብዛኛው አዲስ ነው። ከሥሩ ያለው የንጉሥ ማኅተም ምንም አያረጋግጥም፤ ከጥንት ጀምሮ ሲቀዳ የኖረ ነገር ነው። ሻጮች ያረጀ እንዲመስል አንጸባራቂነቱን በአሲድ ያደበዝዙታል፣ ጭቃም ይቀቡታል። ገልብጪውና መቀመጫውን በእርጥብ ጣት እሺው። እድፉ ወዲያው ከለቀቀ የተቀባ ነው። እውነተኛ እርጅና ወጥ አይደለም፤ ብዙ የተነካካው ጠርዝና መቀመጫ ይፋቃል፣ ሌላው ያበራል።

በእርግጥ ጥንታዊ ከሆነም ችግር አለው። እ.ኤ.አ. ከ1911 በፊት የተሠራ ቅርስ በመደበኛነት ከቻይና እንዲወጣ አይፈቀድም፤ ጉምሩክ ይይዝብሻል። ስለዚህ የወደድሽውን በቅጂ ዋጋ ግዢ፤ ድርድሩን ከተጠራው ዋጋ ሩብ ጀምሪ።

ለሐር ደግሞ ሻጩን አስፈቅደሽ አንድ ክር አቃጥዪ። እንደተቃጠለ ፀጉር ሸቶ በጣት ሲታሽ ከደቀቀ ሐር ነው፤ ቀልጦ እንደ ዶቃ ከጠጠረ ፖሊስተር ነው።