ጥያቄና መልስ፦ ከርካሽ የመኪና ቴፕ ጥሩ ድምፅ ማውጣት

ጋሽ ሽቦ፦ እንደምን አመሻችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ መኪና ቴፕ የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ለማታውቁኝ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ድምፅ ደግሞ አመሌ ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ቴፕ ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። ሁለተኛ፣ ከመኪናው ጋር የመጣውን ሶኬት አትቁረጡ። ለአብዛኛው ቶዮታ ማገናኛ ሶኬት ይሸጣል። ስትጠይቁ የመኪናውን ዓይነት፣ የቴፑን ዓይነት፣ ስፒከሩ ኦሪጅናል ይሁን የተቀየረ ጻፉ። «ድምፁ አልጣመኝም፣ ምን ላድርግ?» ለሚል ጥያቄ መልስ የለኝም።

ባለ ቪትዝ፦ ሰላም ጋሼ። መኪናዬ ቪትዝ ነው። ትልቅ ስክሪን ያለው የቻይና አንድሮይድ ቴፕ አስገጥሜያለሁ። ካርቶኑ ላይ 4 በ60 ዋት ይላል። ግን ገና ግማሽ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይሰነጠቃል። ስፒከሮቹ ኦሪጅናል ናቸው። አምፕሊፋየር ልግዛ ይሆን? ምን ይመክሩኛል?

ጋሽ ሽቦ፦ ጥሩ አድርገህ ጠየቅህ። ካርቶኑን እርሳው። ቴፑን አውጣና ከጀርባው ያለውን ፊውዝ እይ። ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ነው። ሞተር ሲነሳ መኪናው የሚሰጠው 14 ቮልት ገደማ ነው። 10 በ14 ሲባዛ 140 ዋት። 140 ዋት የሚገባበት ዕቃ 240 ዋት ከየት ያመጣል? ከገባውም ብዙው በሙቀት ይባክናል። በ4 ኦም ስፒከር ላይ ሳይሰነጠቅ የሚወጣው ለእያንዳንዱ ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። ይኼ የቻይና ብቻ አይደለም። ስም ያላቸው የጃፓን ቴፖችም 4 በ50 ብለው ይጽፋሉ፣ ውስጣቸው ያለው ግን 20 ገደማ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ኢኳላይዘሩ ላይ ባሱን ጥግ አድርሰኸዋል፣ እርግጠኛ ነኝ። ባሱን በ3 ዲሲቤል ከፍ ባደረግህ ቁጥር ቴፑ ለባሱ እጥፍ ጉልበት ማውጣት አለበት። በ12 ከፍ ስታደርገው 16 እጥፍ ይሆናል። ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ ይሰነጠቃል። ሁሉንም ዜሮ ላይ መልሰው። ቀጥሎ ድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ኤች ፒ ኤፍ የሚል ታገኛለህ። ለፊት ስፒከሮች 80 ኸርዝ ላይ አድርገው። ትንሿ ስፒከር መሸከም የማትችለውን ባስ ከላይዋ ያነሳላታል። ለአሁኑ ምንም አትግዛ።

ባለ ቪትዝ፦ እውነትም ባሱ መጨረሻ ላይ ነበር 😅 እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ።

ሄለን፦ ጋሽ ሽቦ ጤና ይስጥልኝ። የኔ ከጃፓን የመጣ ነው፣ ሬዲዮውም ኦሪጅናል ነው። ሸገር 102.1 አይዝም፣ ፋና 98.1ም አይዝም። አንቴናው ነው አሉኝና አስቀየርኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ጋሽ ሽቦ፦ እህቴ፣ አንቴናው ምንም አላደረገም። ከጃፓን የሚመጣ የቆየ ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። የኛ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከ90 በላይ ናቸው። ሬዲዮው አልተበላሸም፣ እዚያ ድረስ አይደርስም እንጂ። ከአንቴናው ጋር የምትገጠም ትንሽ ማውረጃ አለች። በ20 የምታወርድ ከሆነች 102.1ን 82.1 ላይ ታገኚዋለሽ። ቴፕ የመቀየር ሐሳብ ካለሽ ግን ለእሷ ገንዘብ አታውጪ።

አቡ፦ ጥሩ ስፒከር የትኛው ነው?

ጋሽ ሽቦ፦ ለምን መኪና? የፊት ነው የኋላ? በስንት ብር?

አቡ፦ ለማንኛውም መኪና። ጥሩ የሚባለውን ብቻ ንገሩኝ።

ጋሽ ሽቦ፦ ቀጣይ።

ሚኪ፦ ጋሼ፣ ኮሮላ ነው ያለኝ። የፊት በር ስፒከሮችን ቀየርኩ። ስም ያላቸው፣ ውድ የሚባሉ። ጥሩምባውና ክራሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። ባሱ ግን ከድሮው ከወረቀቱ ስፒከር አነሰ። ተሸወድኩ?

ጋሽ ሽቦ፦ አልተሸወድክም። ይቺን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ሁላችሁም አንብቡት፣ ገንዘባችሁን የሚያድነው ይኼ ነው።

መጀመሪያ ሽቦውን እናጣራ። አንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከተገለበጠ፣ የግራው ወደ ፊት ሲገፋ የቀኙ ወደ ኋላ ይስባል። ባሱ መሐል ላይ ይጠፋል። ለማወቅ ሽቦውን ከቴፑ ጀርባ ንቀልና አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ንካበት። የድንጋዩ ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ፖዘቲቭ ሲገናኝ ወረቀቱ ወደ ፊት ብቅ ማለት አለበት። ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል። በቴፑ በኩል ነጩ የፊት ግራ ነው፣ ግራጫው የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴው የኋላ ግራ፣ ሐምራዊው የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለው ሁሌም ኔጋቲቭ ነው።

እሱ ደህና ከሆነ ችግሩ በሩ ነው። ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው ወደ ፊት ብቻ አይደለም፣ ወደ ኋላም ያወጣል። የፊቱና የኋላው ተቃራኒ ናቸው። በመሐል ክፍት ቀዳዳ ካለ ሁለቱ ይገናኙና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ቀድሞ የሚጠፋው ባሱ ነው። የበርህን ሽፋን ስትፈታ ቆርቆሮው ላይ እጅ የሚያስገባ ትልልቅ ቀዳዳ ታያለህ። ፋብሪካው በላስቲክ ሸፍኖት ነበር። መስኮት የሠራልህ ሰው ግን ላስቲኩን ቀዶት ሄዷል። እኔ ጋ የሚመጣው መኪና አብዛኛው እንደዚያ ነው። አንዳንዱማ በሩ ውስጥ የተረሳ ካቻቪቴ አለበት፣ ባስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳል።

ምን ታደርጋለህ? ባለ አሉሚኒየም ጀርባ የሚለጠፍ የጎማ ሉህ አለ። ቆርቆሮውን በደንብ ወልውለህ አቧራና ቅባቱን አውጣ። ቀዳዳዎቹን በሉሁ ድፈን። ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን የውጭ ቆርቆሮም አንድ እጅ ለጥፍበት። ሲጨርሱ በጣት ኳ ኳ ማድረግ ነው። በፊት የቆርቆሮ ድምፅ ይሰጥ የነበረው አሁን ዱብ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ስፒከሩ ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያውን በስፖንጅ ዝጋ። ስፒከሩን ከበሩ የሚያራርቅ ቀለበት (ስፔሰር) ካስፈለገህ ችፑድ አትጠቀም፣ ሐምሌ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ካትራሜም አትቀባ፣ ፀሐይ ላይ ይቀልጣል፣ መኪናው ውስጥም ይሸታል። በበሩ ታች በኩል ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን በፍጹም አትድፈን። ከደፈንክ በሩ በሁለት ክረምት ይዝጋል።

ርካሽ ስፒከር በተደፈነ በር ላይ፣ ውድ ስፒከር ቀዳዳ በሆነ በር ላይ ከሚሰጠው ይበልጣል። ከፈለጋችሁ ተከራከሩኝ።

ዳኒ አራዳ፦ እኔ ልከራከር። የድሮው የቶዮታ ካሴት ቴፕ በር ሳይደፈን፣ ምንም ሳይደረግለት ይገርም ነበር። አንድሮይድ መጥቶ ነው ድምፅ የጠፋው።

ባለ ቪትዝ፦ ወንድሜ ካሴት የት አግኝተህ ነው? መርካቶ ዞረህ ልትፈልግ ነው?

ዳኒ አራዳ፦ በአክስ ገመድ ነዋ። ስልኬን ሰክቼ አዳምጣለሁ። ድምፁ ይሞቃል።

ሚኪ፦ የሚሞቀው ቀጭኑ ድምፅ ስለሚቆረጥበት ነው። ይጣፍጣል ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ዳኒ አራዳ፦ ለጆሮዬ ከጣፈጠ ትክክሉን ምን ላድርገው?

ጋሽ ሽቦ፦ ዳኒ፣ የድሮው ቴፕ ከራሱ መኪና፣ ከራሱ ስፒከርና ካልተቀደደ ላስቲክ ጋር ነበር የምትሰማው። አሁን ሦስቱም ተቀይረዋል። አንድሮይድን ብቻ አትወንጅል። እንቀጥል።

የአባዱላ ሹፌር፦ ሰላም ጋሼ። ከኋላ ወንበር ሥር ሳብ (ትልቅ የባስ ስፒከር) ማስገባት ፈልጌ አምፕሊፋየር ገዝቻለሁ። ከቴፑ ቢጫ ሽቦ ላይ ኤሌክትሪክ መቀጠል ይቻላል?

ጋሽ ሽቦ፦ አይቻልም! ያ ሽቦ የተሠራው ለቴፕ ነው። አምፕ ሲስብበት ይግላል፣ ከዳሽቦርዱ ውስጥ ጭስ ይነሳል። አምፕ የራሱን ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ያገኛል። ፊውዙ ባትሪው ጋ ነው የሚሆነው፣ ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ቦታ። አምፑ ላይ ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ነው። በመንገድ ላይ ቆርቆሮ ሽቦውን ቢልጠው መኪናህን የሚያድነው ባትሪው ጋ ያለው ነው። ሽቦው ቆርቆሮ በሚያልፍበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ይግባበት።

ሽቦ ስትገዛም በምላጭ ጫፉን ፋቅ አድርገው። ውስጡ ነጣ ካለ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። በማግኔት እሞክራለሁ የምትሉ አትልፉ፣ ማግኔት ሁለቱንም አይስብም። አሉሚኒየም ከሆነ ወፈር ያለውን ግዛ፣ ወይ ተወው። እና አደራ፣ ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ።

ሄለን፦ ይቅርታ፣ ከሜክሲኮ ጦር ኃይሎች የምትሠራው አንተ ነህ እንዴ? ያለ ሳቡም ጭንቅላቴን በጥብጠኸዋል 😂

የአባዱላ ሹፌር፦ እህቴ የኔ መስመር ለገሃር ነው። ግን ተሳፋሪ ራሱ ነው «ክፈተው» የሚለኝ።

ዳኒ አራዳ፦ «ክፈተው» የሚሉት ኋላ የተቀመጡት ናቸው። ፊት ያለነው በምልክት ነው የምናወራው።

ባለ ቪትዝ፦ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲባል አይሰማም፣ አንድ ፌርማታ አልፈን እንወርዳለን።

ጋሽ ሽቦ፦ ወደ ጥያቄ ተመለሱ።

ፍሬ፦ ነዳጅ ስሰጥ ከስፒከሮቹ ዚዝዝ የሚል ድምፅ አብሮ ይጨምራል። አምፕ አለው። ምንድነው?

ጋሽ ሽቦ፦ የዲናሞ ድምፅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግራውንዱ ነው። የአምፑን ጥቁር ሽቦ ፍቺና የታሰረበትን ቦታ ቀለሙ ጠፍቶ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። ሽቦው አጭር ይሁን። የወንበር ብሎን ላይ አትሰሪው። ካልጠፋ የድምፅ ገመዱንና የባትሪውን ሽቦ አለያዪ፣ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ ይሂድ።

ኪያ፦ ቴፑ ሞተር ሳጠፋ ሰዓትና ጣቢያ ይረሳል።

ጋሽ ሽቦ፦ ቢጫውና ቀዩ ተገላብጠዋል። ቢጫው ቋሚ ኤሌክትሪክ፣ ቀዩ በቁልፍ ነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነ ዳሽቦርዱ ውስጥ የተቀጠለ ሽቦ ብዙ ነው፣ በቀለም ሳይሆን በቴስተር ለዩ። ሶኬቱንም አትቁረጡ፣ ሁለት ጊዜ አልኩ።

ናቲ፦ ብሉቱዝ ይሻላል ፍላሽ?

ጋሽ ሽቦ፦ ፋይሉ ጥሩ ከሆነ ፍላሽ።

ናቲ፦ ዘፈኖቼ 128 ኪሎቢት ነበሩ፣ በአፕ ወደ 320 ቀየርኳቸው። ይሻላል አይደል?

ሚኪ፦ ናቲ፣ የጠፋው ድምፅ አይመለስም። ፋይሉ ከበደ እንጂ ድምፁ ያው ነው።

ናቲ፦ እኔ ግን ልዩነቱ ይሰማኛል።

ጋሽ ሽቦ፦ ሚኪ ልክ ነው። በዚህ ላይ ክርክር አልፈልግም።

ሰላም፦ የኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ስፒከር መቀየር ይቻላል?

ጋሽ ሽቦ፦ ቴፑና ስፒከሩ እዚያም በ12 ቮልት ነው የሚሠሩት፣ ይቻላል። ብርቱካናማ ሽቦ ግን እንዳትነኪ፣ ገዳይ ቮልቴጅ ነው። ዋስትናውን ደግሞ ከሻጩ ጠይቂ፣ እኔ አላውቅልሽም።

አቡ፦ እሺ ለኮሮላ የበር፣ ያገለገለ ከሶማሌ ተራ ልገዛ ነው። እንዴት ልለይ?

ጋሽ ሽቦ፦ አሁን ጠየቅህ። የሱቅ ስም አልጠቅስም። ወረቀቱን በሁለት አውራ ጣት ከግራና ቀኝ እኩል ቀስ አድርገህ ወደ ውስጥ ግፋ። ከውስጥ ክርር የሚል ከተሰማ ተቃጥሏል ወይ ተጣሟል፣ ተወው። ዙሪያውን ያለውን ስፖንጅ በጣትህ ንካ፣ ከተፈረፈረ ያለቀለት ነው። ቴስተር ይዘህ ሂድ። 4 ኦም የሚባለው ሲለካ ከ3 እስከ 4 መሐል ያሳያል። ምንም ካላሳየ ጠመዝማዛው ተበጥሷል። ሻጩ «ቤት ስትደርስ ይሠራል» ካለህ ሰላም ብለህ ውጣ።

ፍሬ፦ ጋሼ የመጨረሻ። ስነዳ ድምፁ ሁሉ ከግራ በር የሚመጣ ይመስለኛል። ባላንሱን ወደ ቀኝ ሳደርገው ደግሞ ግራው ይሞታል።

ጋሽ ሽቦ፦ ባላንሱን መሐል መልሺው። ለግራው በር ስለምትቀርቢ ነው ድምፁ ቀድሞ የሚደርስሽ። አንድሮይድ ቴፕ ከሆነ ድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ለእያንዳንዱ ስፒከር የማዘግያ ቁጥር ይኖረዋል። ከጆሮሽ እስከ ግራው፣ ከጆሮሽ እስከ ቀኙ በሜትር ለኪ። ልዩነቱ 50 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግራውን በ1.5 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አዘግዪው። የኋላዎቹን ፌደሩ (የፊትና የኋላ ማመጣጠኛው) ላይ ቀንሺ፣ ጥርት ብለው ሳይሰሙ አሉ የሚባሉ ያህል ይሁኑ። ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ቆመሽ እንጂ እየነዳሽ አይደለም፣ ዘፋኙ ከዳሽቦርዱ መሐል እስኪመጣ ቁጥሩን በትንሽ በትንሹ አስተካክዪ።

ፍሬ፦ ሜትር ከጎረቤት ልዋስ 😄

ጋሽ ሽቦ፦ ለዛሬ በቃኝ፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለኝ። ያልተመለሰላችሁ የመኪናውን ዓይነት ጽፋችሁ ተዉት።