መሪው ዳገት ላይ ለምን ይቀራል? የፕሮ ሳይክሊንግ ማናጀር ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ በፕሮ ሳይክሊንግ ማናጀር፣ የብስክሌት ቡድን በሚመራበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ላይ ነኝ። የቡድኔ መሪ በተራራ ችሎታ ነጥብ ከአንድ ተፎካካሪ በቀር የሚበልጠው የለም። ሆኖም በየመጨረሻው ዳገት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው እግሩ ያልቅና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይከስራል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ጉልበቱ የሚያልቀው ከዳገቱ በፊት፣ ሜዳው ላይ ነው። ጋላቢው ሁለት ዓይነት ጉልበት ይዞ ይነሣል። አንዱ ለሙሉ ቀን የተሰጠው ነው፤ አንዴ ከወጣ አይመለስም ማለት ይቻላል። ሌላው ለማጥቃትና ለድንገተኛ ጥረት የሚውል ሲሆን ረገብ ሲል መልሶ ይሞላል። አብዛኛው ተጫዋች ዓይኑን ሁለተኛው ላይ ስለሚጥል የመጀመሪያው ቀስ እያለ መመናመኑን ልብ አይልም።

መጀመሪያ መሪዎን ምን እንዳዘዙት ይመልከቱ። ከመነሻው ጀምሮ «ቦታህን ያዝ» ብለውት ከሆነ፣ ከፊት ረድፍ ላለመውጣት ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ከዚያ ይልቅ የሜዳ ነጥባቸው ጥሩ የሆነ ሁለት ረዳቶች ይምረጡና ከነፋስ እንዲከልሉት ይዘዟቸው። ሜዳ ላይ ከሰው ኋላ ተጠግቶ የሚጋልብ ሰው ከፊት ካለው ሲሦ ያህል ኃይል ይቆጥባል፤ ጨዋታውም ይህን በሚገባ ያሰላል። ውኃ ለማምጣት ሦስተኛ ረዳት ይመድቡ፤ መሪው ራሱ ወደ ቡድኑ መኪና መሄድ የለበትም። ረዳቱን የሚልኩትም መንገዱ ሜዳ በሆነበት፣ ፔሎቶኑም (ዋናው የጋላቢዎች ስብስብ) በተረጋጋበት ሰዓት ይሁን። ዳገት ሲጀመር የተላከ ረዳት ተመልሶ መድረስ ይቸግረዋል።

ወደ መጨረሻው ዳገት ግርጌ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ግን መቆጠቡ ለጊዜው ይቁም፤ ረዳቶቹ መሪውን ይዘው ወደ ፊት ይውጡ። ይህን የዘለለ ተጫዋች የከሰረውን ወዲያው አያየውም። ፍጥነቱ ሲጨምር ከመሪዎ ፊት ያሉት ደካሞች አንድ በአንድ ይለቃሉ። አንዱ በለቀቀ ቁጥር ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱን የሚዘጋውም መሪዎ ነው። ሦስት አራቴ ከዘጋ በኋላ ለመጨረሻው ፍልሚያ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

ዳገቱ ላይ ስሌቱ ይለወጣል። የታወቀውን የፈረንሳይ ዳገት አልፕ ዱዌዝን ብንወስድ 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመትና በአማካይ 8.1 በመቶ ተዳፋት አለው። እንዲህ ያለ ቦታ ፍጥነት ስለሚቀንስ የከለላው ጥቅም ይሳሳል፤ ስለዚህ ረዳቶችዎን እስከ ግርጌው አሟጠው ይጠቀሙባቸው። ከዚያ በኋላ የመሪውን የጥረት መጠን በእጅዎ ይቆጣጠሩ። ተፎካካሪ 8 ኪሎ ሜትር ሲቀር ቢፈናጠር በጥቃት አይመልሱለት። ጥረቱን በጥቂቱ ከፍ አድርገው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እንዲርቅ ይተዉት፤ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የራስዎን ጥቃት ለመጨረሻዎቹ 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትሮች ያቆዩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሙሉ በሙሉ።

ይህን ሁሉ አድርገውም የሚቀረው በሦስተኛው ሳምንት ብቻ ከሆነ የማገገም ነጥቡን ይመልከቱ። ቱሩ 21 ደረጃዎች (የየዕለት ውድድሮች) እና ሁለት የዕረፍት ቀናት ብቻ ነው ያሉት። ማገገሙ ዝቅተኛ የሆነ ጋላቢ የተራራ ነጥቡ ምንም ያህል ቢያምር መጨረሻ ላይ ይዝላል። ለእሱ የአንድ ሳምንት ውድድሮች ይሻሉታል።

ጥያቄ፦ ስፕሪንተሬ (መጨረሻው ላይ በፍጥነት የሚፎካከረው ጋላቢዬ) ፈጣን ነው፤ የሚጎትቱት ሦስት ረዳቶችም አሉት። ያም ሆኖ ሁልጊዜ 4ኛ ወይም 5ኛ ይወጣል።

መልስ፦ መስመሩን ሲያልፍ የቀረለትን ጉልበት ይመልከቱ። ከመስመሩ በፊት ካለቀበት ቀድሞ ተነሥቷል፤ ከተረፈው ዘግይቷል። በሚቀጥለው ተመሳሳይ ሜዳ ላይ የመነሻ ቦታውን በ200 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ያንቀሳቅሱት። ነፋሱ ከፊት ሲመጣ ዘግየት፣ ከኋላ ሲገፋ ቀደም ማለት ያዋጣል።

የረዳቶቹን ቅደም ተከተልም ይፈትሹ። የመጀመሪያው የሜዳ ነጥቡ ጠንካራና ረጅም የሚጎትት ይሁን፤ ከስፕሪንተሩ ፊት የሚሆነው ግን የራሱ የስፕሪንትና የፍጥነት መጨመር ነጥብ ያለው ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ኋላ እንዲከተል ለየብቻ ማዘዝ ያስፈልጋል። አንዱ ትእዛዝ ከጎደለ ሰንሰለቱ መታጠፊያ ላይ ይበጠሳል፣ ስፕሪንተሩም ብቻውን ይቀራል። መጨረሻው ሽቅብ ከሆነ ደግሞ የኮረብታ ነጥቡ ይመዝናል። በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ደረጃዎችን አሸንፎ የነጥብ አሸናፊውን አረንጓዴ ማሊያ የወሰደው ኤርትራዊው ቢኒያም ግርማይ የዚህ ዓይነት ጋላቢ ነው። ንጹሕ የሜዳ ስፕሪንተር ከእንዲህ ያለው ጋር ዳገት ላይ ባያፋልሙት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ቀድመው የሚያመልጡትን መቼ ማሳደድ ልጀምር?

መልስ፦ በብስክሌት ዓለም የታወቀ መለኪያ አለ፦ የሚያሳድድ ፔሎቶን በየ10 ኪሎ ሜትሩ አንድ ደቂቃ ይመልሳል። ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ሲቀር ልዩነቱ 5 ደቂቃ ከደረሰ ሥራ መጀመር አለበት። እርስዎ ግን ብቻዎን አይጀምሩ። አንድ ሰው ብቻ ለመጎተት ያስወጡና ሌሎች የስፕሪንተር ቡድኖች ሰው እስኪያወጡ ይጠብቁ። ካላወጡ፣ ያመለጡትም በአጠቃላይ ውጤት የማያሰጉ ከሆነ፣ ቀኑን መተዉ ይሻላል። በየቀኑ ማሳደድ ረዳቶቹን ይጨርሳል፣ ጉዳቱም በተራራው ሳምንት ይወጣል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ቡድን ይዣለሁ። ገንዘቤን አንድ ኮከብ ላይ ላውለው?

መልስ፦ አንመክርም። የደመወዙ ጣሪያ በአንድ ሰው ከተበላ በሜዳ የሚከልለው አይኖርም፤ ከላይ እንዳየነው መሪው የሚወድቀውም በዚሁ ነው። አስቀድመው የስፖንሰሩን ዓላማ ያንብቡ። ደረጃ ማሸነፍ ብቻ ከጠየቀ አንድ ጥሩ ስፕሪንተርና ሁለት ጎታቾች ይበቁታል። በቀረው ገንዘብ ዕድገት የሚጠበቅባቸውን ወጣቶች በረጅም ውል ይያዙ፤ ነጥባቸው ከፍ ካለ በኋላ ደመወዛቸውም አብሮ ስለሚንር ውሉን በጊዜ ማራዘም ነው።